ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ፣ ፋብሪካው ኮምቦልቻ፦ የድርጅት ሲስተም የሚተክል ቡድን እንዴት ይደራጃል?

«ሲስተሙን ገዝተናል፣ ሰርቨሩም ገብቷል፤ አሁን ማንን ከማን ጋር ላሠራ?» ይህን ጥያቄ ከፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሆስፒታል ፋይናንስ ኃላፊ፣ ከዩኒየን ሒሳብ ሹም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ይጠይቀኛል፤ ሌላው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ተራራ ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ። በየቦታው ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አካሄዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ፣ ማምረቻው ወይም መጋዘኑ ኮምቦልቻ ሆኖ የግዢ፣ የንብረት፣ የሒሳብና የደመወዝ ሥራውን ከወረቀትና ከኤክሴል ወደ አንድ ሲስተም ለሚያዛውር ድርጅት ነው። ለሆስፒታልና ለኮሌጅም ያገለግላል፤ የሚለወጠው የሰነዱ ስም ብቻ ነው። ስለ ሶፍትዌር አመራረጥና ስለ ጨረታ እዚህ አልጻፍኩም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሥራ አስኪያጁ የተፈረመ የምደባ ደብዳቤ (ይዘቱ ተራ ቁጥር 1 ላይ አለ)
- አንድ ባዶ ግድግዳ ደሴ፣ አንድ ባዶ ግድግዳ ኮምቦልቻ፤ ባለ አራት ቀለም ካርድ፣ ማርከር፣ ቀይ ክር
- ባለፉት ሦስት ወራት የተሠራባቸው እውነተኛ ሰነዶች ኮፒ፦ የግዢ ጥያቄ፣ ፕሮፎርማ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ)፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ)፣ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት የግምጃ ቤት ካርድ)፣ የክፍያ ማዘዣ
- የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ
- ለሁለቱም ከተማ ዩፒኤስ፣ ነዳጅ የተሞላ ጄኔሬተር፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር
- በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ለሚመላለሰው ሰው የትራንስፖርትና የውሎ አበል በጀት
- አንድ ወፍራም ደብተር። የጥያቄ መዝገብ ይሆናል።

የአበሉን ነገር ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ «ይህማ አበል የለውም» ይባላል። ሰውየው በሳምንት ሦስት ቀን ከኪሱ ከፍሎ ይመላለሳል፤ በሁለተኛው ወር መምጣቱን ያቆማል። ቡድኑ የፈረሰው ያን ቀን ነው፤ ማንም ግን አይነግራችሁም።

1. የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠውን አንድ ሰው በደብዳቤ ሰይሙ

ደብዳቤው ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ የሰውየው ስም፣ በሌለ ጊዜ የሚተካው ሰው፣ በራሱ ሊወስን የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ፣ እና ውሳኔ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ። አጠገቡ ከአምስት የማይበልጥ አመራር ኮሚቴ ይቀመጥ፤ በየሁለት ሳምንቱ ለ45 ደቂቃ ይሰብሰብ፤ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ይፈረም።

ለምን? የዕቃ ዋጋ የሚመዘግበው ግምጃ ቤት ነው ወይስ ፋይናንስ የሚለው ጥያቄ ቴክኒካዊ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የሥልጣን ጥያቄ ነው። ባለሙያው ሊመልሰው አይችልም። መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ባለሙያው ወይ ይጠብቃል ወይ በግምት ይሠራል። በግምት የተሠራው በኋላ ይፈርሳል።

ደንቡን እንዲህ አድርጉት፦ ቡድኑ በ2 የሥራ ቀን ያልፈታው ጥያቄ ወደ ፕሮግራም አስተባባሪው (የሁሉንም ቡድኖች ሥራ ወደሚያስተባብረው ሰው) ይሄዳል፤ አስተባባሪው በ3 ቀን ካልፈታው ወደ ወሳኙ ሰው ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአይቲ ክፍል ኃላፊውን የመጨረሻ ወሳኝ አታድርጉት። ኔትወርኩን ሊያዝ ይችላል፤ የፋይናንስ ኃላፊዋን ግን «አሠራርሽን ቀይሪ» ሊላት አይችልም። የምትጎዱት እሱን ነው።

2. አንድ ወረቀት ተከትላችሁ ሂዱ

ቡድን ከመመደባችሁ በፊት አንድ እውነተኛ ግዢ ምረጡና ከተነሣበት እስከተዘጋበት በእግራችሁ ተከተሉት። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ኩሽኔታ (የማሽን ቤሪንግ) ነው፤ ዋጋው አያስፈራም፣ ቶሎ ቶሎ ይገዛል፣ ከጠፋ ደግሞ ማሽን ይቆማል።

ኮምቦልቻ የማሽን ኦፕሬተሩ ለጥገና ክፍል ይናገራል። ጥገና ክፍል የዕቃ መጠየቂያ ይሞላል። ግምጃ ቤት «የለም» ይላል። የግዢ ጥያቄው በሾፌር እጅ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይደርሳል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ይፈረማል፣ ይከፈላል። ዕቃው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ቢን ካርድ ላይ ይሰፍራል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፣ ኮፒው ተመልሶ ደሴ ፋይናንስ ይገባል።

በእያንዳንዱ ማቆሚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ተቀበለው? ምን ጻፈበት? ስንት ቀን ቆየ? ከመፈረሙ በፊት ምን አየ? መልሱን ካርድ ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ በተራ ለጥፉ። ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሁለቱንም ቀን ስጡት።

ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ቢን ካርዳቸውን ሲያሳዩኝ በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ትንንሽ ቁጥሮች አየሁ። «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ሌሊት ማሽን ቆሞ በአስቸኳይ የመጣ ዕቃ ነው፤ ወረቀቱ ከደሴ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ እንዳይጠፋባቸው በእርሳስ ይይዙታል። የተገዛው ሲስተም የግዢ ትእዛዝ ከሌለ ዕቃ ገቢ አያደርግም ነበር። እሳቸው ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ማሽን ቆሞ ወረቀት አይጠብቁም። ያ የእርሳስ ቁጥር በየትኛውም የአሠራር ማኑዋል ላይ አልነበረም፤ ቡድኑ ሊፈታው ከሚገባው ነገር ሁሉ ግን ትልቁ እሱ ነበር።

ስለዚህ ስትጠይቁ «ደንቡ ምን ይላል?» አትበሉ። «ትናንት ምን አደረጉ?» በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማኑዋሉን ያስነብባችኋል፤ ሁለተኛው እርሳሱን ያሳያችኋል።

3. ቡድኖቹን በወረቀቱ መንገድ ልክ ቁረጡ

አሁን ግድግዳው ላይ መንገድ አላችሁ። የተለመደው አደረጃጀት የፋይናንስ ቡድን፣ የግምጃ ቤት ቡድን፣ የግዢ ቡድን ማለት ነው። እንደዚያ ካደረጋችሁ ኩሽኔታው ሦስት ቡድን መካከል ይወድቃል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ጨርሶ «የኔ አልቋል» ይላል። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር አለ፦ ድርጅቶች የሚሠሩት ሲስተም የራሳቸውን የመነጋገሪያ መዋቅር ይመስላል። ፋይናንስና ግምጃ ቤት የማይነጋገሩበት ድርጅት፣ ፋይናንስና ግምጃ ቤት የማይነጋገሩበት ሲስተም ይሠራል።

ለመካከለኛ ድርጅት አራት ቡድን ይበቃል፦

- ከጥያቄ እስከ መደርደሪያ፦ ዕቃ ከተጠየቀበት ደቂቃ ገቢ እስከሚሆንና ወጪ እስከሚደረግ
- ከደረሰኝ እስከ መዝገብ፦ ክፍያ፣ ሒሳብ፣ ግብር፣ ሪፖርት
- ከቅጥር እስከ ደመወዝ፦ የሠራተኛ መረጃ፣ ሰዓት ቁጥጥር፣ ፈቃድ፣ ደመወዝ
- የመሠረተ ልማት ቡድን፦ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ሰርቨር፣ ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ)። ሦስቱን ያገለግላል።

በአንድ ቡድን ከ5 ያነሰ፣ ከ9 የበለጠ ሰው አታስገቡ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 5 ሰው ሲሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩበት መስመር 10 ነው። 9 ሲሆኑ 36። 15 ሲሆኑ 105። ሰው በጨመራችሁ ቁጥር ሥራው ሳይሆን ወሬው ይበዛል፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። ሥራው የዘገየባችሁ ቀንም መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሐሳብ «ሰው እንጨምር» ይሆናል፤ አዲሱን የሚያስተምረው ያው ሥራ የበዛበት ነባር ሰው መሆኑን አስቡ።

4. በየቡድኑ እነዚህን ወንበሮች ሙሉ

የሥራው ባለቤት፦ ሥራውን በእጁ የሚያውቅ፣ «ይህ ይቅደም፣ ያ ይቆይ» ማለት የሚችል። የአይቲ ሰው መሆን የለበትም፤ ባይሆን ይመረጣል።

የቡድን አስተባባሪ፦ ስብሰባ የሚጠራ፣ የተንጠለጠለ ጉዳይ የሚከታተል።

የሲስተሙ ባለሙያ፦ ብዙ ጊዜ ከአቅራቢው የሚመጣ። ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ የእናንተ ሰው ይቀመጥ፤ አቅራቢው ሲሄድ የሚቀረው እሱ ነው። ይህን ወንበር ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተመረቁ ወጣቶች መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስገቧቸው፤ በርክክብ ሳምንት አምጥታችሁ «ተረከቡ» አትበሏቸው።

የዳታ ሠራተኛ፣ ሞካሪ እና አሠልጣኝ። ሞካሪው ሲስተሙን ከሠራው ሰው የተለየ ይሁን፤ አሠልጣኙ ደግሞ ከራሱ ከሥራ ክፍሉ ይምጣ። ሠራተኛ ከባልደረባው ሲማር «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ሰዎች የቀድሞ ሥራቸውን እንደያዙ አይቀጥሉ። የሥራው ባለቤት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ነጻ ይሁን፤ መደበኛ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን በስም ይጻፍ። ስም ያልተጻፈለት ሽፋን የለም ማለት ነው።

5. ሁለቱን ከተማ በአንድ ቀን መቁጠሪያ አስሩ

የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምርና ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ሰኔንና የሐምሌን መጀመሪያ ሳምንታት ለአዲስ ሥራ ዝጉ። ፋይናንስና ግምጃ ቤት ቆጠራ ላይ ናቸው። በሌላ በኩል የሒሳብ መክፈቻ ቁጥር ንጹሕ የሚሆነው ከዓመታዊው ቆጠራ በኋላ ነው። የምመክረው ግምጃ ቤቱን በጥር ወይም በየካቲት ማስገባት፣ ሒሳቡን ደግሞ ቆጠራው ካለቀ በኋላ በሐምሌ 1 መክፈቻ ቁጥር ማስጀመር ነው።

የጾምና የበዓል ቀኖችን ሁሉ አስገቡ። ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቢሮ የሚውሉባቸው ከተሞች ናቸው፤ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም፣ አረፋም ጥምቀትም የቡድናችሁን የሥራ ሰዓት ይነካሉ። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ በዚያ ሰዓት ስብሰባ አትጥሩ። ሰኞ ደሴ ገበያ ነው፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣውን ሰው ሰኞ ጠዋት አትቅጠሩት። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል፤ የክረምት ስብሰባ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይጀመር።

ሰዓት ስትጽፉ ሁልጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። አንድ ጊዜ «ማታ 2 ሰዓት ሲስተሙ ይዘጋል» ብለን ለአቅራቢው ጻፍንና ባለሙያው በራሱ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት አድርጎ ያዘው። እኛ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ጠበቅነው። ከዚያ ወዲህ «ማታ 2፡00 በኢትዮጵያ፣ 20፡00 በዓለም አቀፍ» ብዬ እጽፋለሁ።

ቀኑንም በሲስተሙ ላይ ሞክሩት። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. (በጎርጎርዮሱ ሴፕቴምበር 11፣ 2023) ብላችሁ አንድ ደረሰኝ አስገቡ፤ ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ካለ ወይም ወደ መስከረም 1 ካዞረው ችግሩን ገና ሥራ ሳይጀመር አገኛችሁት። የጳጉሜ ወጪ በየትኛው ወር ሪፖርት ላይ እንደሚወጣም ፋይናንስ በጽሑፍ ይወስን።

6. በ10 ሳምንት ዙር አቅዱ

የዓመት ዕቅድ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ በሦስተኛው ወር ግን ማንም አያየውም። በ10 ሳምንት ዙር አቅዱ፤ ስምንቱ ለሥራ፣ ሁለቱ ለማስተካከያና ለቀጣዩ ዙር ዝግጅት።

በዙሩ መጀመሪያ አራቱንም ቡድን ለሁለት ቀን አንድ አዳራሽ ሰብስቡ፤ አንዱን ዙር ደሴ፣ ቀጣዩን ኮምቦልቻ። ሁልጊዜ ደሴ ከሆነ ኮምቦልቻዎቹ እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። እያንዳንዱ ቡድን ሥራውን በካርድ ይለጥፋል፤ የሌላውን ቡድን ሥራ የሚጠብቅ ካርድ ሲኖር ከካርድ ወደ ካርድ ቀይ ክር ይወጠራል። ሦስት አራት ክር የተወጠረበት ካርድ ካያችሁ ዙሩ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ሥሩ። በስልክ ወይም በቴሌግራም ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ክሩን ዓይን ማየት አለበት።

በሁለተኛው ቀን ማብቂያ እያንዳንዱ ሰው «ይህ ዕቅድ ይሳካል?» ተብሎ በጣቱ ይምረጥ፤ አምስት ጣት እርግጠኛ፣ አንድ ጣት አይሆንም። አንድና ሁለት ጣት ያወጣውን ሰው ምክንያቱን ጠይቁት። ታላቅ ባለበት ዝም የሚል ሰው በጣቱ ግን ይናገራል። ለቡናውም ሰዓት መድቡለት፤ ብዙ ክር የሚፈታው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ የቡድን አስተባባሪዎች ለ30 ደቂቃ ይገናኙ። አጀንዳው አንድ ነው፦ የትኛው ክር ተይዟል?

7. ዳታውን ከሲስተሙ ቀድማችሁ አጽዱ

ወደ ኩሽኔታው እንመለስ። 6205 የሚባለው ኩሽኔታ ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ኤክሴል ውስጥ «ኩሽኔታ 6205»፣ «ኩሺኔት 6205» እና «ቤሪንግ 6205» ተብሎ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ሲስተሙ ሦስት ዕቃ ነው ብሎ ያምናል፤ በአንዱ ስም «አልቋል» ሲል በሌላው ስም አሥራ ሁለት ፍሬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ተቃራኒውም አለ፦ ክፍቱ፣ ባለ ብረት ሽፋኑና ባለ ጎማ ሽፋኑ 6205 ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ በአንድ ስም ከተመዘገቡ የተሳሳተው ይወጣል። ይህን መለየት የሚችለው የጥገና ሠራተኛው ነው። የዳታ ሠራተኛው ከሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

የሰው ስም ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሰይድና ሠይድ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሀሰንና ሐሰን ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች። ሁለት የሠራተኛ ፋይል የተከፈተለት ሰው ሁለት ደመወዝ ሊወጣለት ይችላል፤ ጡረታ ሲወጣም የአገልግሎት ዘመኑ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። ደንብ አውጡ፦ ማመሳከሪያው የሠራተኛ መለያ ቁጥር ይሁን፤ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ፍለጋው ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ አቅራቢው ያስተካክል። ይህን በውሉ ላይ አስገቡት።

መለኪያውም እንዲሁ። ገዢው በጥቅል ይገዛል፣ ግምጃ ቤቱ በሜትር ያወጣል፣ ሒሳቡ በኪሎ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መነሻ መለኪያና መቀየሪያ ቁጥር ይወሰን።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሙከራ እውነተኛ የደመወዝ ዝርዝር አትጠቀሙ፤ በቴሌግራም ግሩፕም አትላኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው ደመወዝ የሰው ገመና ነው።

8. መብራቱን ራሳችሁ አጥፉ

ሲስተሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም እየሠራ ሳለ፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዱ። ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ ያዘ? ጄኔሬተሩን ማን አስነሣው? ቁልፉ የት ነበር? ሌላ ቀን ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ግምጃ ቤት ዕቃ መቀበልና ማውጣት ይችላል? ካልቻለ የወረቀት ቅጽ፣ ካርቦንና ተከታታይ ቁጥር በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ መስመር ሲመለስ ማን እንደሚያስገባውም ይጻፍ።

ባክአፕ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን። ደሴና ኮምቦልቻን እንደ ሁለት የራቁ ቦታዎች አትቁጠሯቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ተይዘው ነበር፤ ደሴ ያለው ለኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ያለው ለደሴ አልጠቀመም። ሦስተኛው ቅጂ ከወሎ ውጭ ይቀመጥ።

በወር አንዴም ባክአፑን በባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

9. የመቀየሪያውን ቀን በሰዓት ከፋፍሉ

ቀኑ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በሙሉ ተለማመዱት። ከዚያም እንዲህ ይሂድ፦

ዓርብ ማታ የመጨረሻው የወረቀት ሰነድ ይዘጋል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል።
ቅዳሜ ጠዋት የግምጃ ቤት ቆጠራ፤ ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይመዘግባል።
ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ዳታው ይገባል። ማታ ይቆማል፤ የደከመ ሰው ዜሮ ይጨምራል።
እሑድ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ማመሳከር። ከመደርደሪያው 50 ዕቃ ያለ ምርጫ ይነሣና ከሲስተሙ ጋር ይተያያል።
እሑድ 10 ሰዓት ውሳኔ። ተራ ቁጥር 1 ላይ የተሰየመው ሰው «እንቀጥል» ወይም «እንመለስ» ይላል።

የመመለሻው መስፈርት ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ከ50ው ዕቃ ከ3 በላይ ካልተመሳከረ እንመለሳለን። በዚያ ሰዓት ሁሉም ደክሟል፣ ሁሉም መጨረስ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ያልተጻፈ መስፈርት በድካም ይሸነፋል።

አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ ይሁን፤ ከዚያ አሮጌው መዝገብ ታሽጎ ቁልፉ ይሰጥ። ሁለቱም ለወራት ከቀጠሉ ሠራተኛው የሚያምነው የለመደውን ወረቀት ነው፤ ሲስተሙን የሚሞላው ለይስሙላ ይሆናል።

10. ቡድኑን ወዲያው አትበትኑ

ለቀጣዮቹ ስድስት ሳምንታት በየከተማው አንድ ሰው ወፍራሙን ደብተር ይዞ ከሠራተኞቹ መካከል ይቀመጥ። እያንዳንዱ ጥያቄ፣ የጠየቀው ክፍልና መልሱ ይጻፍ። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ሰውን መልሶ ማሠልጠኑ ብቻ አይበቃም፤ ሲስተሙን አስተካክሉ። ለአቅራቢው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የእናንተ ባለሙያ ያለ አቅራቢው እገዛ አንድ የወር መዝጊያ ብቻውን ይሥራ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሥልጠናን ከመቀየሪያው ሁለት ወር ቀድሞ መስጠት። ይረሳል። በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ስጡት፤ በሠልጣኙ በራሱ ሰነድ ይሁን።

አስተባባሪውን «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ። ዘጠና ፐርሰንት ላይ አራት ወር የቆየ ሥራ አይቻለሁ። «ትናንት ያልሠራ፣ ዛሬ የሚሠራ ምን አለ? አሳዩኝ» በሉት።

የኮምቦልቻን ሰዎች በስልክ ብቻ ማሳተፍ። ዕቃው ያለው እነሱ ጋር ነው።

ሪፖርቱን መጀመሪያ መሥራት። ሥራ አስኪያጁ ባለ ቀለም ግራፍ ማየት ስለሚወድ ቡድኑ ከዚያ ይጀምራል፤ ሞዴል 19 በትክክል ካልገባ ግን ግራፉ የሚያሳየው ስህተቱን በቀለም ነው።

«አለቀ» ብሎ ቢን ካርዱን ሳያዩ መሄድ። በስድስተኛው ሳምንት ግምጃ ቤት ግቡና ጠርዙ ላይ እርሳስ መኖሩን እዩ። ካለ የሌሊቱ ዕቃ አሁንም በሲስተሙ በኩል መግቢያ አላገኘም። ካርዱን ፎቶ አንሡና «ከጥያቄ እስከ መደርደሪያ» ቡድኑን በማግሥቱ ጥሩ።